ይሉኝታ የሚኖርበት ቦታ

ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ከጎናቸው ያሉትን አዛውንት ዳቦ ከሳህናቸው ላይ አንስተው ጎረሱ። አዛውንቱ እንዳላየ ሆኑ። ቡና መጣ። ገንዘብ ያዡ ሰባት ማንኪያ ስኳር ጨመሩበት፤ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ባሏ የሞተባትን ሴት ከእግር እስከ ራሷ አዩና ድንኳኑ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ «አንቺ፣ ወፈርሽ እኮ!» አሏት። ሳቁም።

ያን ማታ ሰፈሩ ሦስት ዓይነት ምርመራ አካሄደ። አንዱ «ጠጥተው ነው» አለ። ሌላው «ጃጅተዋል» አለ፤ ሰውዬው ግን ገና 56 ዓመታቸው ነበር። የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሆነ ነገር አስደርገውባቸው ነው» አሉ። ባለቤታቸው ምንም አላሉም። እሳቸው ነገሩን ካወቁት ሁለት ዓመት አልፏል። የእድሩ ሒሳብ ሲጎድል ማንም ሳይሰማ ወርቃቸውን ሸጠው የሞሉት እሳቸው ናቸው። ገንዘቡ የት እንደገባ ሲጠይቋቸው ባልየው ምንም አልደበቁም፤ ሎተሪ ገዝቼበታለሁ አሉ። ለሚለምናቸው ሁሉም ሰጥተዋል። የነገሯቸውም ሳያፍሩ፣ ሳይቆጡ ነው፤ ልክ ዛሬ ሽሮ በላሁ እንደሚል ሰው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ያ አለማፈር ነው። ሌባ ያፍራል፤ ቢያንስ ይደብቃል።

ይሉኝታ የሚለውን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት። «ምን ይሉኛል» ማለት ነው። ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የሌላውን ሰው ዓይን ይዋስና ራሱን አንድ ጊዜ ያያል። በዚህች ቃል ስንማረር ነው የኖርነው። «ይሉኝታ ገደለን» እንላለን፤ ብድር የምንሰጠውም፣ የማንፈልገውን ሠርግ የምንሄደውም በእሷ ነው። የት እንደምትኖር ግን ጠይቀን አናውቅም። አድራሻ አላት። ከግንባራችን አጥንት ጀርባ፣ ከዓይናችን ጉድጓድ በላይ ያለው የአንጎላችን የፊት ክፍል ነው። ብቻዋን አትሠራም፤ ከሌሎች የአንጎል ክፍሎች ጋር በብዙ ሽቦ ተያይዛለች። ያ ቦታ ሲጎዳ ግን ይሉኝታ እንደ እጅ፣ እንደ እግር ትታመማለች።

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበርን ስንቶቻችን ሴትዮዋ መወፈሯን አይተናል? እኔ አይቻለሁ። ጤነኛ ሰውም ነውር ሐሳብ ይመጣለታል። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። የአንጎል የፊት ክፍል ከሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ማስቆም ነው፤ አትናገር፣ አትምታ፣ አትግዛ፣ ቆይ። ተመራማሪዎች ይህን በቀላል ጨዋታ ይለኩታል። ኮምፒውተሩ ቀስት ሲያሳይህ ቁልፍ ትጫናለህ። አልፎ አልፎ ግን ቀስቱ ከወጣ በኋላ ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ የጀመርከውን ትተህ እጅህን መያዝ አለብህ። አንድ ጤነኛ ወጣት ለመቆም ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያቺ ሩብ ሰከንድ ናት ስንት ትዳር ያቆመችው።

ዝም ያለ ሰው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ፍሬን ይዟል። ፍሬን ደግሞ ይደክማል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግልፍ የሚለው ለዚህ ነው። አልኮል ቀድሞ ከሚያላላቸው ነገሮች አንዱም ይህ ፍሬን ነው። ሞቅ ያለው ሰው አዲስ ጠባይ አላመጣም፤ ሲጠብቀው የነበረው ዘበኛ ነው ያንቀላፋው። የጎረምሳ ነገርም ከዚሁ ይገናኛል። ይህ የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። ሞተሩ ቀድሞ ይደርሳል፤ ፍሬኑ በኋላ ይመጣል።

ሐኪሞች ይህን ነገር ያወቁበት ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ግማሹ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. መስከረም 1848 ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሊነግሡ ገና ስድስት ዓመት ከምናምን ይቀራል። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ካቨንዲሽ በምትባል ትንሽ ከተማ የባቡር ሐዲድ ይሠራል። የሠራተኞቹ አለቃ ፊኒያስ ጌጅ የ25 ዓመት ወጣት ነው። አለት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ባሩድ ጨምሮ በብረት ዘንግ ይጠቀጥቃል። ባሩዱ ሳይታሰብ ፈነዳ። ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ፤ ራቅ ብሎም ወደቀ። ጌጅ አልሞተም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተናገረ። በበሬ ጋሪ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ከተማ ተወሰደ።

ያከመው ዶክተር ጆን ሃርሎው ከ20 ዓመት በኋላ ባወጣው ጽሑፍ የተለወጠውን ነገር ገለጸ። ከአደጋው በፊት ጌጅ ጠንቃቃና ቀጣሪዎቹ የሚመኩበት ሰው ነበር። ከአደጋው በኋላ ተሳዳቢ ሆነ፤ ትዕግሥት አጣ፤ ዛሬ ያቀደውን ነገ ይተወዋል። ወዳጆቹ ጌጅ ጌጅ አይደለም አሉ። ድርጅቱም ወደ ቦታው ሊመልሰው አልፈቀደም።

አብዛኛው ተራኪ እዚህ ያቆማል። ለእኔ ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ጌጅ በ1852 ወደ ቺሊ ሄደና ሰባት ዓመት ያህል በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሠረገላ ነዳ። ይህ ሥራ ይሉኝታ ቢስና ችኩል ለሆነ ሰው የሚሰጥ አይደለም። ፈረሶቹ ይቀለባሉ፤ ይጠመዳሉ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ ተሳፋሪ አለ። በየቀኑ ያው ሰዓት፣ ያው መንገድ፣ ያው ሥራ። ታሪኩን በኋላ የመረመሩ ሰዎች ጌጅ በጊዜ ብዛት በጣም ሳይሻለው አልቀረም ይላሉ፤ ምክንያቱም ይኸው የተደላደለ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም። ከውስጥ የተበጠሰውን ልጓም ከውጭ አገኘው። በ1860 በሚጥል በሽታ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሞተ። የራስ ቅሉና ዘንጉ ዛሬ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ብረት ዘንግ ሁልጊዜ አያስፈልግም። የራስ ቅላችን ወለል ከዓይን ጉድጓድ በላይ ሸካራ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ የፊተኛው አንጎል በዚያ ሸካራ አጥንት ላይ ይፋተጋል። በሞተር ሳይክል የወደቀ፣ ከግንባታ እንጨት ላይ የተፈጠፈጠ ወጣት ቁስሉ ድኖ፣ እየሄደና እያወራ ከሆስፒታል ይወጣል። ሁሉም «ተመስገን፣ ተረፈ» ይላል። ከወራት በኋላ እናቱን ሲሳደብ፣ ደሞዙን በአንድ ቀን ሲጨርስ «ጓደኛ አበላሸው» ይባላል። ያን አደጋ የሚያስታውሰው የለም።

ወደ ገንዘብ ያዡ ልመለስ። እሳቸው አልወደቁም፤ አልተመቱም። የእሳቸው በሽታ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያ ይባላል። የአንጎል የፊትና የጎን ክፍል ሕዋሳት ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ሕመም ነው። የዚህን የሕመም ዘር የመጀመሪያ መግለጫ የጻፈው በ1892 ፕራግ ውስጥ አርኖልድ ፒክ የሚባል ሐኪም ነው። ሕመሙን ሰፊው ዓለም የሰማው ግን በቅርቡ ነው፤ የፊልም ተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ ቤተሰብ በየካቲት 2023 በዚሁ በሽታ መያዙን ሲናገር። የእሱ መጀመሪያ የታየው በንግግር ችግር ነበር። በብዙዎች ላይ ግን ቀድሞ የሚሄደው ጠባይ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። ዲሜንሽያን «የመርሳት በሽታ» እንለዋለን። ስለዚህ የማይረሳ ሰው የሌለበት ይመስለናል። ገንዘብ ያዡ ምንም አልረሱም። ቀኑን ያውቃሉ። የእድሩን አባላት ስም በተራ ይጠራሉ። በመጀመሪያ የሄዱበት ክሊኒክም ይህንኑ ጠይቋቸው ሁሉንም ስለመለሱ «ጭንቀት ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛቸው። በዚህ ሕመም መጀመሪያ ላይ ትዝታ ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሚሄደው ሌላ ነገር ነው።

ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 በተስማሙበት መለያ ስድስት ምልክቶች አሉ፤ ሦስቱ ከተገኙ በሽታው ይጠረጠራል። አንዱ ይኸው የይሉኝታ መጥፋት ነው። ሌላው ግዴለሽነት ነው፤ ታታሪ የነበረው ሰው ከሶፋ አይነሳም። ለሌላው ማዘን ይቀንሳል፤ ልጁ ስትታመም «እሺ፣ ምሳስ?» ይላል። አንድን ነገር መደጋገም ይመጣል። የምግብ ጠባይ ይለወጣል፤ በተለይ ጣፋጭ ይወደዳል። ያ ሰባት ማንኪያ ስኳር የሰውዬው ስስት አልነበረም። ስድስተኛው ማቀድና ማመዛዘን ሲያቅት ትውስታ ግን አንጻራዊ ደህና ሲሆን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሰው ልጅ የሚድርበት፣ ሥራው ላይ አናት የሚደርስበት፣ ማንም በሽታ የማይጠረጥርበት ዕድሜ።

ደግሞ በሽተኛው ራሱ አይታወቀውም። አስመስሎ አይደለም። ጠባዩን የሚታዘብበት መሣሪያ ነው የተበላሸው። «ምን ሆነሃል?» ብትለው «ምን ሆንኩ?» ይልሃል፤ ከልቡ ነው።

«ያውቃል እኮ፣ ሆን ብሎ ነው» የሚለውን ነገር ብዙ ቤት ሰምቻለሁ። ማወቅና መቆም የተለያዩ መሆናቸውን ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ተመራማሪዎች አራት ክምር ካርታ ሰዎች ፊት አስቀመጡ። ሁለቱ ክምሮች ብዙ ያስገኛሉ፤ ግን ከዚያ የባሰ ያከስራሉ። ሁለቱ ትንሽ ትንሽ ያስገኛሉ፤ መጨረሻ ላይ ግን ያተርፋሉ። ጤነኞቹ ጥቂት ካርታ ካነሱ በኋላ እጃቸው ወደ መጥፎው ክምር ሲሄድ መዳፋቸው ያልባቸው ጀመር። አእምሯቸው ነገሩን በቃል ሳይገልጸው ሰውነታቸው ቀድሞ ፈራ። ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ግን አላላባቸውም። አንዳንዶቹ የትኛው ክምር መጥፎ እንደሆነ በአፋቸው ተናገሩ። ከተናገሩ በኋላም እጃቸው ወደዚያው ሄደ።

አባት ልጁን «ስንቴ ልምከርህ?» ሲል እነዚያ ካርታዎች ትዝ ይሉኛል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ይህኛው በመድኃኒት በኩል ነው የሚመጣው። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል የሚያንስበት፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና እርምጃ የሚያዘገይ በሽታ ነው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የሚባሉት ዶፓሚንን አስመስለው ይሠራሉ። እንቅስቃሴን ያሻሽላሉ። በአንዳንድ ሰው ግን የ«ልሞክር፣ ልግዛ፣ ልብላ» ግፊቱንም አብረው ያቀጣጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 3,090 የፓርኪንሰን ታማሚዎችን ያየ ጥናት እንዲህ ያለ ችግር በ13.6 በመቶው ላይ አገኘ። እነዚህን መድኃኒቶች በሚወስዱት ላይ 17.1 በመቶ፣ በማይወስዱት ላይ 6.9 በመቶ ነበር። ቁማር፣ ግዢ፣ ከልክ ያለፈ መብላት፣ ከልክ ያለፈ የወሲብ ፍላጎት፤ አራቱ እነዚህ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ካርታ ነክቶ የማያውቅ ጡረተኛ የልጁን ስልክ ይዞ ቤቲንግ ሲቆርጥ ያድራል።

መድኃኒቶቹ ለፓርኪንሰን ብቻ አይታዘዙም፤ ማታ እግሬ አላስተኛ አለኝ ለሚል ሰውም ይሰጣሉ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ እናት አባት አጠገባችሁ የምታኖሩ፣ የመድኃኒት ብልቃጡን ስም አንብቡ። ወላጅ ስለ ቁማር ለልጁ አይነግርም፤ ስለ ወሲብማ ጭራሽ። ጠይቁ፤ ብታፍሩም ጠይቁ። መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲለወጥ ብዙዎቹ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። በገዛ እጅ በድንገት ማቆም ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ያዘዘው ሐኪም ይወስን።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ከሰፈራችን ቀድሟል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ስለ ኢኃላፊነት ሲናገር ሁለት ነገር ለይቶ ያያል። ሰውየው የሚያደርገውን ነገር መረዳት ይችል ነበር ወይ? ተረድቶስ ከሆነ በተረዳው መሠረት ራሱን መግዛት ይችል ነበር ወይ? በሕመም ምክንያት ከሁለቱ አንዱን እንኳ ካልቻለ ኃላፊ አይሆንም። በከፊል ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 49 አለ። የአእምሮ ሕመምተኛ ወንጀል ሲሠራ በሚታይበት፣ ከእንግሊዞች የ1843 (እ.ኤ.አ.) ደንብ ጋር አስተያዩት፤ እሱ የሚጠይቀው ማወቁን ብቻ ነበር። አንቀጽ 50 ደግሞ ልቡን ሞልቶ ለጥፋት ብሎ የሰከረውን ሰው ከዚህ መጠለያ ያስወጣዋል። ልክ ነው። ፍሬን የተበጠሰበት ሰውና ፍሬኑን ራሱ የበጠሰ ሰው አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ስል ባለጌ የለም እያልኩ አይደለም። ሞልቷል። የምለይበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ድሮስ እንዲህ ነበር ወይ? ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ያልተገራ ሰው ሌላ ነገር ነው። 50 ዓመት ጨዋ ሆኖ ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጠ ሰው ግን ከምክር በፊት የነርቭ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሁሉም የማይድን አይደለም፤ መሮጡ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ከግንባር ጀርባ ቀስ ብሎ ያደገ እጢ እንዲህ ያደርጋል፤ ይወጣል። የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ሳይታከም የቆየ ቂጥኝ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። እንቅልፍ አልባ ሆኖ ገንዘብ የሚረጭ፣ አሥር ሥራ በአንድ ቀን የሚጀምር ሰው ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ ለእሱ ጥሩ መድኃኒት አለ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ኤምአርአይውንም ይነሳ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያን ጉዞ የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጠባዩን በመጠኑ ያበርዳሉ። ለአልዛይመር ከሚሰጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ሊያብሱት ይችላሉ። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እንደ ጌጅ ሠረገላ።

የገንዘብ ያዡ ባለቤት ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ደረሱበት። ምክርና ቁጣ ተዉ። የኤቲኤም ካርዱን ወሰዱና በምትኩ ኪሳቸው ውስጥ በየቀኑ 50 ብር ያስቀምጣሉ። ስኳሩን ቆለፉ። ጠዋት አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ፤ መንገድ አይቀየርም። ለቅሶ ሲሆን ቀብር ላይ ይሄዳሉ፤ ድንኳን አይገቡም። የእድሩ ዳኛ ቤታቸው መጥተው የኤምአርአይውን ፊልም መስኮት ላይ ተደግፈው አዩት። ምንም ያልገባቸው ይመስለኛል። ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስተው «ሰውዬው ታመዋል፤ በእሳቸው ጉዳይ አፉን የሚከፍት ይቀጣል» አሉ።

የቀረው የጥጉ ሱቅ ነበር። ገንዘብ ያዡ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይገቡና ከረሜላ ከማሰሮው ዘግነው ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ባለሱቁ መጀመሪያ ይጮህ ነበር። አሁን ማሰሮውን ወደ ውስጥ አስገብቶ አንድ ትንሽ ሳህን ባንኮኒው ላይ ያኖራል፤ በሳህኑ ላይ ሦስት ከረሜላ ብቻ። እሳቸው ሲወጡ ደብተሩን ይገልጥና በዱቤ ገጽ ላይ ሰረዝ ያሰፍራል። ወር ሲሞላ ባለቤታቸው ይመጣሉ፤ ሰረዞቹን አብረው ይቆጥራሉ።